በፈቃድ የሚሠሩ የሬዲዮ ሰዎችና የሰሜን ጎንደር ደጋ

መከራ ለደረሰበት ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጩኸቱን የሚሰማለት ሰው ነው። እህልና መድኃኒት በጎተራ ቢከማች እንኳ፥ የተቸገረው ማን እንደ ሆነና በየት እንዳለ ካልታወቀ በጊዜው ሊደርስ አይችልም። በቀድሞ ዘመን ይህን ወሬ የሚያደርሱት እግረኛ መልክተኛ፥ ነጋሪትና ደወል ነበሩ፤ ዛሬ ግን ስልክ ነው። ስልክም ምሰሶው ሲወድቅ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ዝም ይላልና፥ በአደጋ ቀን ባለቤቱን ይከዳዋል።

ለዚህ የሰሜን ጎንደር ደጋ ምስክር ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ደጀን ባለበት በዚያ አገር፥ አንዱን መንደር ከሌላው የሚለየው ገደል ነው። በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ሕዝቡን ባስጨነቀ ጊዜ፥ በክልሉ ግጭት ነበረ፤ የኢንተርኔት መሥመርም ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ በጠለምት መሬት ተንሸራቶ ሰው ሞተ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

ይህን ጉድለት በሌላ አገር የሞሉት፥ አማተር የሚባሉት የሬዲዮ ሰዎች ናቸው፤ ይኸውም ደመወዝ ሳይቀበሉ ስለ ዕውቀት ፍቅር ብቻ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብለው የሚነጋገሩ ማለት ነው። በታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የባሕር ማዕበል የአንዳማንን ደሴቶች በመታ ጊዜ፥ ለዚሁ ሥራ ወደዚያ ሄደው የነበሩ ህንዳውያን የደሴቱን ሰዎች ወሬ ለዘመዶቻቸው አደረሱ። በ2007 ዓ.ም. በኔፓል ምድር በተናወጠች ጊዜም እንዲሁ ሆነ።

መኪናው ለተራራ አገር የተመቸ ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ በተራራ ይከለከላል፤ በ3,760 ወይም በ7,110 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የሚላከው ሞገድ ግን ከመሬት ብዙ ካልራቀ ሽቦ ወደ ሰማይ ወጥቶ፥ ከላይኛው አየር ተመልሶ ከገደሉ ማዶ ይወርዳል። ለዚህም አንድ የመኪና ባትሪና በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ይበቃል።

የዚህ ሥራ ፍሬ በኢትዮጵያም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በአምስት ኪሎ፥ ኢቲ3ኤኤ በሚባል የጥሪ ስም የሚታወቅ የክበብ ጣቢያ ተማሪዎችን ሲያስተምር ቆይቷል። ይህ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቢተከል፥ ከዚያም እስከ ደባርቅና እስከ በየዳ ቢደርስ፥ ጥቅሙ ግልጥ ነው።

ሬዲዮ በክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ መፍራት የባለሥልጣን ግዴታ ነው። ነገር ግን የአማተር ሕግ በምሥጢር ቃል መነጋገርን ይከለክላል፤ እያንዳንዱም ተመዝግቦ በጥሪ ስሙ ይታወቃል፤ የሚናገረውንም ማንም ይሰማዋል። ተንኰል የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን የአደባባይ መንገድ አይመርጥም። የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበርም በ1995 ዓ.ም. መንግሥታት አማተሮችን ለአደጋ ጊዜ እንዲያሰናዱ መክሯል፤ በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቆመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አለው።

የሚቀረው ከአደጋው በፊት መሰናዳት ነው፤ ጐርፍ ከመጣ በኋላ ቦይ አይቆፈርምና። ባለሥልጣኖች ፈቃዱን ሳያዘገዩ ቢሰጡ፥ የቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞቹን ቢያስለምድ፥ የደጋው ካህናትም፥ ረኃብተኛውንና ሕመምተኛውን በስም የሚያውቁ ናቸውና፥ ለሽቦው ከፍ ያለ ቦታ፥ ለወሬውም እውነተኛ ቍጥር ቢሰጡ፥ በገደል ማዶ የሚጮኽ ድምፅ ሰሚ አጥቶ አይቀርም።