በደጋው ሜዳ ጉልበት ሞልቷል፤ የጎደለው ዒላማ ነው
ስለ ወረኢሉና ስለ አካባቢዋ የቅርጫት ኳስ ልምምድ አጭር ሐተታ

ወረኢሉ በታሪካችን የምትታወቀው የጉልበት መሰብሰቢያ በመሆኗ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ተጠቃሎ እንዲገናኛቸው ያዘዙት በዚችው ከተማ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ዐድዋ ያለውን አቀበትና ቁልቁለት ሠራዊቱ በእግሩ ተጓዘ፤ የካቲት 23 ቀንም ድል አደረገ። ይሁን እንጂ ድሉ በእግር ጽናት ብቻ የተገኘ አይደለም። ከረጅሙ መንገድ በኋላ በደከመ ሰውነት ላይ የሚያነጣጥር ዐይንና የማይንቀጠቀጥ እጅም ያስፈልግ ነበር።

ይህን ያነሣነው የጦር ታሪክ ለመተረክ አይደለም። በዚሁ ደጋ ዛሬ በሚያድጉት ልጆች ዘንድ ጉልበትና ዒላማ ተለያይተው ስለምናያቸው ነው። ነገሩም በግልጽ የሚታየው ብዙዎቻችን እንደ ተራ ጨዋታ በምንቆጥረው በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነው።

ከደሴ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው ደጋ የሚያድግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በእግሩ ነው። ከብት ሲጠብቅ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም የጠነከረ እግር አለው። ነገር ግን ይህ ጸሐፊ በተመለከተው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የቅርጫት ኳሱ ምሰሶ መረቡን ካጣ ቆይቷል፤ ሰሌዳውን ዝናብና ፀሐይ ሰንጥቀውታል፤ በሜዳው ላይ የነጻ ውርወራው መስመር ጨርሶ አይታይም። ልጆቹ ኳሱን ይዘው ሲሮጡ የሚያቆማቸው የለም። ከቀለበቱ ፊት ሲደርሱ ግን ኳሱ አንዴ ከሰሌዳው በላይ፣ አንዴ ከቀለበቱ በታች ያልፋል። ተመልካቹም ይስቅና «እኛ የሩጫ እንጂ የኳስ ሕዝብ አይደለንም» ብሎ ይሄዳል።

ለመሆኑ ይህ አባባል እውነት ነውን? ታሪኩ እንዲህ አይልም። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ቡድን አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን የዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ እንደ ወሰደ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን፣ ከሁለት ወር በኋላ በመጋቢት 1954 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ሲደረግ ኢትዮጵያ ከተሳታፊዎቹ አንዷ መሆኗን ነው። ስለዚህ ጨዋታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን ልምምዱ ነው።

ሁለተኛው ሰበብ ቁመት ነው። ቁመት እንደሚጠቅም አንክድም። ነገር ግን ሙግሲ ቦግስ የተባለው አሜሪካዊ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዓለም ላይ ብርቱ በሚባለው በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ 14 ዓመት ተጫውቷል። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳንም በነጻነት ከቆመች ገና 13 ዓመቷ ሳለ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኦሎምፒክ ጨዋታ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸንፋለች። ልጆቿ ረጃጅሞች ናቸው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቁመታቸው ከጥንትም የነበረ ነው። ለድል የበቁት በየአገሩ የተበተኑት ልጆቿ ተሰባስበው በሥርዐት ሲሠለጥኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ይህ ጨዋታ ከሰውነት የሚጠይቀው ምንድን ነው? ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው አንድ ዓይነት እርምጃ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ግን ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ደግሞ ይፈተለካል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ በአውስትራሊያ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ እንቅስቃሴውን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይለዋውጣል፤ ይህም በየሁለት ሴኮንዱ ማለት ነው። ስለሆነም ልጆችን በሜዳው ዙሪያ ዐሥር ጊዜ አስሮጦ «ሠለጠኑ» ማለት ያላቸውን መልሶ መስጠት ነው። የደጋው ልጅ የጎደለው የመዝለቅ ጉልበት አይደለም፤ በአጭር ጊዜ የሚፈነዳ፣ ወዲያው የሚቆምና እንደገና የሚነሣ ጉልበት ነው።

በዚህ ላይ የአየሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የዚህን ውጤት ዓለም በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማ ላይ አይቶታል። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ በአጭር ሩጫና በዝላይ ታላላቅ ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ፤ በረጅሙ ሩጫ ግን የቆላው ሰው ሲደክም እንደኛው ማሞ ወልዴ ያለው የደጋ ልጅ ማራቶኑን አሸነፈ። ትምህርቱም ይህ ነው፤ ስስ አየር አንዱን ፈጣን ሩጫ አይከለክልም፣ ከሩጫው በኋላ ትንፋሽ ለመመለስ ግን ጊዜ ያስረዝማል። ስለዚህ በደጋ የሚያሠለጥን መምህር በሁለት ፈጣን ሩጫዎች መካከል የሚሰጠውን ዕረፍት ሊያሳጥር አይገባውም።

ኳሱም ቢሆን አየሩን ያውቃል። በቆላ የተነፋ ኳስ ወደ ደጋ ሲወጣ ይጠነክራል፤ የደጋ ብርድ ሲመታው ደግሞ ይለሰልሳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከ1 ሜትር ከ80 ከፍታ ሲለቀቅ የኳሱ አናት እስከ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነጥሮ መመለስ አለበት። ይህ ካልሆነ ልጁ ዛሬ የለመደው እጅ ነገ ይከዳዋል።

አሁን ስለ ውርወራው እንናገር። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ የአፉ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ነው። የወንዶች ኳስ ውፍረት ደግሞ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ከላይ ለሚወርድ ኳስ ቀለበቱ ሁለት ኳስ ሊያስገባ ምንም ያህል አይቀረውም። ኳሱ ዝቅ ብሎ በጎን ሲመጣ ግን አፉ የጠበበ ያህል ይሆናል። በ45 ዲግሪ ለሚወርድ ኳስ የቀለበቱ አፍ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ለሚመጣው ግን ከ23 ሳንቲ ሜትር ስለሚያንስ ኳሱ ብረቱን ሳይመታ ሊገባ ከቶ አይችልም።

ጉልበትና ዒላማ የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። ኳስን ወደ ላይ የሚያነሣው ክንድ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ኃይሉ የሚመነጨው ከጉልበት መታጠፍና መዘርጋት ነው። እግር ሲደክም ልጁ በክንዱ ብቻ ይገፋል፤ የኳሱ መንገድ ዝቅ ይላል፤ ቀለበቱም ይጠብበታል። በመጀመሪያው ሩብ ሲያገባ የነበረ ልጅ በመጨረሻው ሩብ የሚስተው ስለዚህ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ውስጥ ከአራት ጥፋት ካለፈ ለተቃራኒው ሁለት ነጻ ውርወራ ይሰጣል። በተቀራረበ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ውጤቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህ ውርወራ ነው። ማንም አይከላከልም፤ ቁመትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የደከመ እግርና የረጋ እጅ መስማማታቸውን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ልምምድ እናቅርብ። ሜዳው 28 ሜትር ይረዝማል። ልጁ ከጫፍ መስመር ተነሥቶ እስከ ቅርቡ የነጻ ውርወራ መስመር ደርሶ ይመለስ፤ ቀጥሎ እስከ መካከለኛው መስመር፤ ቀጥሎ እስከ ሩቁ የነጻ ውርወራ መስመር፤ በመጨረሻም እስከ ወዲያኛው ጫፍ። ድምሩ 140 ሜትር ነው። እንደ ተመለሰም ሳያርፍ ሁለት ነጻ ውርወራ ይወርውር፤ ከዚያ በኋላ ይረፍ። ይህን ዐሥር ጊዜ ቢያደርግ 20 ውርወራ ይሆናል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ30 ሳምንት ቢዘልቅበት 1,800 ውርወራ በደከመ እግር ወረወረ ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ በሌላ ቀን፣ ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ፣ ሳይደክም 20 ይወርውር፤ ሁለቱም ውጤት በደብተር ይጻፍ። ደብተሩ መምህር ነው። በዕረፍት 14 ያገባ ልጅ ከሩጫ በኋላ 8 ብቻ ቢያገባ፣ ጉድለቱ የእግሩ መሆኑ ይታወቃል፤ በሩጫው ይበርታ። በሁለቱም 8 ቢያገባ ግን ጉድለቱ የእጁ ነውና ሩጫ መጨመር አይረዳውም፤ ወደ ቀለበቱ ተጠግቶ ከአንድና ከሁለት ሜትር እየወረወረ፣ ክርኑን ከኳሱ ሥር አድርጎ፣ ጣቶቹን እስከ መጨረሻ ዘርግቶ ከመሠረቱ ይማር። ኳስ አንድ ብቻ ቢሆንም ችግር የለም፤ አንዱ ሲወረውር አንዱ ኳስ ይመልስ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ የቀሩት ይሩጡ።

ለትንንሾቹ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የቀለበቱ ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ነው፤ ኳሱም አነስተኛ ነው። የትልቁን ቀለበት ለትንሽ ልጅ መስጠት ኳሱን ከወገቡ ጀምሮ በሁለት እጁ እንዲያሽቀነጥር ያስገድደዋል፤ በልጅነት የተለመደ ክፉ ልማድም በጎልማሳነት በቀላሉ አይለቅም። ልጃገረዶችም ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ወደ ውስጥ ሳይሰብሩ እንዲያርፉ መማር አለባቸው፤ የጉልበት ጅማት ጉዳት በሴቶች ላይ ይበዛልና። ሜዳው ጠጠር ከሆነ ከልምምዱ በፊት ይለቀም።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። ገብሱ፣ ባቄላው፣ በሶውና ቆሎው የአገሩ ሀብት ናቸው። ነገር ግን ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሜዳ የሚጫወቱበት አገር ነውና፣ መምህሩ ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን በመርሐ ግብሩ ውስጥ ያስገባ። በእነዚያ ሳምንታት ሩጫው ይቀነስ፤ ውርወራው ይቀጥል። ጾመኛ ልጅ ከቡድን የሚቀርበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻም ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን እንናገር። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው ጦርነትና የጸጥታ መጓደል ብዙ ልጆች ከትምህርታቸው ተስተጓጉለዋል። ከትምህርት ገበታ የራቀ ወጣት መዋያ ይፈልጋል፤ መልካም መዋያ ካላገኘ ሌላው አይጠፋም። ስለዚህ የሜዳ መስመር በኖራ ማስመር፣ የወደቀ ሰሌዳ በእንጨት ማደስ፣ አንድ ደብተር መግዛት ትንሽ ነገር አይደለም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ልምምዱን ይምሩ፤ ወላጆች እንጨትና ሚስማር ያዋጡ፤ በመካነ ሰላም ቅጥር ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዕረፍት ቀናቸው ወደ አቅራቢያቸው ትምህርት ቤቶች ወርደው ያሳዩ።

ወረኢሉ ዱሮ መሰብሰቢያ እንጂ መድረሻ አልነበረችም። ዛሬም የእግር ጉልበት በደጋው ልጆች ዘንድ ተሰብስቦ ይጠብቃል። የሚቀረው ዒላማውን ማስተማር ነው፤ እሱም በ140 ሜትር ሩጫና በሁለት ውርወራ ይጀመራል።