«አሮጌ ቤት ነው» ለሚሉን የተሰጠ መልስ

ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባችን የጣይቱ ሆቴል ነገር ሲነሣ፣ አንዳንድ አባላት «ምን አገባን? አሮጌ ቤት ነው፤ የፈረንጅ ማደሪያ ነው» ሲሉ ሰምተናል። ዝም ብንል የተስማማን ይመስላል። ስለዚህ መልሳችንን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል።

አንደኛ፣ ቤቱን ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንጂ ፈረንጅ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ዐሥር ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሆቴሉ ግን ከዚያ አስቀድሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። ያን ጊዜ ከድሬዳዋ ወዲህ የሚመጣ ሰው በበቅሎ ነው የሚመጣው።

እስቲ የዚያን ዘመን ሰው እናስበው። መንገደኛ ሲመጣ «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። እንጀራ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበረ። እቴጌይቱ በልቶ ሒሳብ መክፈልን ለማያውቅ ሕዝብ ነው ሆቴል የከፈቱት። ግብር የሚያበሉ ንግሥት ሆነው ሳለ ምግብ መሸጥ አላሳፈራቸውም። ዛሬ ሻይ ቤትና ቁርስ ቤት ከፍታችሁ ልጅ የምታሳድጉ እናቶች፣ የሥራችሁ በር የተከፈተው እዚያ ነው ብንል አላጋነንም። ታዲያ እንዴት አያገባንም?

ሁለተኛ፣ «ቅርሳችን፣ ኩራታችን» እያሉ በአፍ ብቻ የሚያወድሱትንም እንቃወማለን። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ እሳት ተነሥቶ የጃዝአምባ ሙዚቃ ቤት ወደመ። ያን ዕለት ያላዘነ ሰው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። ወለሉና ደረጃው እንጨት የሆነ ቤት እሳት ከያዘው ጊዜ አይሰጥም፤ ማሰብ ከእሳቱ በፊት ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ስንት ዘመን አብሮ ቡና የጠጣ ጎረቤት ተበተነ። የቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ሲቀር ነው መጠበቅ የሚያስፈልገው።

«የእኔ ጣራ እያፈሰሰ ስለ ሆቴል ላስብ ወይ?» የሚል አባል አለ። እውነቱን ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ገንዘብ አምጡ አላልንም። እሳት ሆቴልና ጎጆ አይለይም። ሆቴሉን የሚጠብቀው ጥንቃቄ የእናንተንም ቤት ይጠብቃል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

1ኛ. የእሳት አደጋ መኪና በሚገባበት መንገድ ላይ ድንጋይ፣ አሸዋና ዕቃ የከመራችሁ ዛሬውኑ እንድታነሡ፤

2ኛ. የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ቤት በባለሙያ እንዲያሳይ፤ የቡታጋዝ ምድጃ ለኩሶ መውጣት እንዲቀር፤

3ኛ. በሆቴሉ የሠራችሁ፣ ወይም እናት አባቶቻችሁ የሠሩ፣ ፎቶግራፍና ትዝታ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥታችሁ እንድታስመዘግቡ። ሽማግሌ ሲሞት አብሮት የሚቀበር ታሪክ አለና።

ቤቱን እቴጌይቱ አቋቁመውልናል። እኛ ደግሞ ቢያንስ እናቆየው!

የማኅበሩ ጸሐፊ