«ደረሰኝ» ያለው ማን ነው?



ደብዳቤ በአደራ የሚልክ ሰው ከፖስታ ቤቱ መስኮት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል። ስሟ ደረሰኝ ነው። ለመሆኑ «ደረሰኝ» የሚለው ማን ነው? ደብዳቤው የተጻፈለት ሰው ገና ወሬውንም አልሰማ፤ ደረሰኝ ያለው የመስኮቱ ጸሐፊ ብቻ ነው። ወረቀቷ መላካችንን እንጂ መድረሱን አትመሰክርም። መድረሱን የሚመሰክር ሌላ ወረቀት አለ፤ ተጨማሪ ተከፍሎበት ከደብዳቤው ጋር ይሄዳል፣ ተቀባዩ ይፈርምበታል፣ ወደ ላኪው ይመለሳል። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የገባችበት የዓለም የፖስታ ኅብረት የሚያውቀው አሠራር ነው። የእኛ ጩኸት ስለዚህ ወረቀት ነው፤ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አናይም።

«በስልክ ዘመን ምን ፖስታ ትላላችሁ!» የሚሉን አሉ። እነዚህ ሰዎች ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አስልከው አያውቁም። ተማሪው በእጁ ይዞት አይሄድም፤ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ቀጣሪው ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይላካል። ወላጆቹ በግ ሸጠው ያስተማሩት የስማዳ ወይም የታች ጋይንት ልጅ ከፍሎ ይጠብቃል። የማመልከቻው ቀን ሲያልፍ ተቀባዩ «አልደረሰንም» ይላል፤ ላኪው «ልከናል፣ ይኸው ደረሰኙ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል! የሚከስረው ልጁ ነው። የአንድ ጓደኛችን ፖስታ፣ ሦስተኛ ጊዜ ተመላልሶ ሲያስፈልግ፣ ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተገኘ። የመመለሻው ወረቀትም ፈራሚ አጥቶ አብሮት ተኝቷል።

እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በፖስታ ቤት ማላከክ አይገባም። ተላላኪው ከፖስታ ቤት ፈርሞ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ምስክር የለውም። የፈረመ ይጠየቃል፣ ያልፈረመ «አላየሁም» ብሎ ቤቱ ይገባል። በፋርጣም ሆነ በእስቴ አደራ በላ ከሌባ የከፋ ነው፤ በቢሮ ሲሆን ግን የሥራ ብዛት ይባላል።

ከከተማችን ዳር ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በዚያው ዓመት በየካቲት ለንደን ደርሶ፣ መልስ ሳያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ማዶ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ደርሶ መናቅና ጭራሽ አለመድረስ ያው አንድ ዝምታ ነው። በታኅሣሥ 1856 ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ነገሩ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ደረሰ። የጦርነቱ ምክንያት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር አንልም፤ ነገር ግን ዝምታው ቀላል ዋጋ አላስከፈለም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ትራንስክሪፕት ሲላክ የመመለሻው ወረቀት አይቅር፤ የአደራው ቁጥር በዕለቱ ለተማሪው ይሰጠው። ወረቀቱ ካልተመለሰ የሚጠይቀውና የሚከታተለው ላኪው ክፍል ይሁን፤ ተማሪው በአውቶቡስ እየተንከራተተ አይደለም። ተቀባይ መሥሪያ ቤትም የራሱን መዝገብ ቤት ሳይፈትሽ የማንንም ማመልከቻ «ማስረጃ አልደረሰም» ብሎ አይጣል። መምህራኖቻችን ይህንኑ ለሬጅስትራር ጽፈው ያቅርቡልን፤ ሲያቀርቡም ያስፈርሙበት።