ድፈነውና ተገላገል

«ጋሼ፣ ምን አለፋዎት! በሲሊኮን ድፍን አድርገን እንገላገለው።»

ይህን ያለኝ መካኒክ ነው። ነገሩ የመኪናዬ ጣሪያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ የተወልኝ መኪና ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር የሚዘረጋ የመስታወት ጣሪያ አላት፤ ፓኖራሚክ ሰንሩፍ የሚሉት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ መላ ቅጡ በጠፋበት ሰሞን፣ ይኸው ጣሪያ አራት ጣት ያህል ተከፍቶ እምቢ አለ። ማዘዣውን ስጫነው ቀኝ ጎኑ ይሄዳል፣ ግራው ባለበት ይቀራል። መስታወቱ እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋዶ ቆመ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸኔ ነው።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። የመጀመሪያው «ሙሉውን መቀየር ነው፤ ከነሐዲዱ ከነሞተሩ ከዱባይ ይመጣል» ብሎ 180 ሺህ ብር ጠራልኝ። ሁለተኛው ሲሊኮኑን አዘዘልኝ። ሦስተኛው፣ ክረምቱ ሳይወጣ ብሸጣት እንደሚሻል ወንድማዊ ምክር ለገሰኝ። አንዱ ቀይር፣ አንዱ ድፈን፣ አንዱ ሽጥ። «እስቲ ከፍተን እንየው» ያለ ግን አንድም አልነበረም።

እኔም እንደ ወጉ ተቆጣሁ። ባለ ሲሊኮኑን «አንተ ሙያህ መጠገን አይደለም እንዴ?» አልኩት። ሳይቆጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መለሰልኝ፦ «ጋሼ፣ ይጠገን ይሆናል። ግን ሁለት ቀን ፈትቼ፣ ፈልጌ፣ አንዲት የተሰበረች ፕላስቲክ ባወጣልዎ ስንት ይከፍሉኛል?»

አፌን ዘጋሁ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለንና።

እንግዲህ ዛሬ ጠቤ ከመካኒኩ ጋር አይደለም፤ ከራሴና ተማርን ከምንል ከመሰሎቼ ጋር ነው። ለመለዋወጫ 180 ሺህ ሲባል ዘመድ አዝማድ አስቸግሮ የሚከፍል ሰው፣ የእጅ ዋጋ 5 ሺህ ሲባል «ሁለት ብሎን ለፈታህበት?» ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል። ዕቃ በካርቶን ይመጣል፣ ይታያል፣ ይዳሰሳል፤ ስለዚህ ዋጋ አለው። ከፍቶ ማየት፣ ማሰብ፣ ችግሩን ከተደበቀበት ማግኘት ግን በካርቶን አይመጣምና ነፃ መስሎናል። መካኒኩም ሞኝ አይደለም። የምንከፍለው ለዕቃ ከሆነ ዕቃ ይሸጥልናል፤ ለዕቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌለን ሲሊኮኑን ይደፍንልናል። ከየጋራዡ ለጠፋው ሙያ ተጠያቂዎቹ እኛ፣ በእጅ ዋጋ የምንከራከረው ነን።

በሽታው የቆየ ነው። መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ ያቀረበው። እኚሁ ንጉሠ ነገሥት አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። አዋጅ የሚወጣው ሰው በምክር እምቢ ላለው ነገር ነው። ዛሬ ባለ እጁን ፊት ለፊት የሚሰድብ ሰው ጥቂት ነው፤ ስድቡን ወደ ሒሳብ ቀይረነዋል።

እኔ ራሴ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን የጋራዥ ቃላት እየዘረዘርኩ ተማሪ አስቅ ነበር፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፋኖ፣ ክሩስኮት፣ ፍሪሲዮን። የቃሉን አመጣጥ እስከ ሮም ድረስ እከታተለዋለሁ። ካቻቢቴ ይዤ ብሎን መፍታት የጀመርኩት ግን በሃምሳ ምናምን ዓመቴ፣ በዚህ ጣሪያ ምክንያት ነው።

ከመካኒኩ ጥያቄ በኋላ፣ እልህ ይሁን ሐፍረት፣ ራሴ ልክፈተው አልኩ። ሦስት እሁድ ፈጀብኝ። በመጀመሪያው እሁድ፣ በብዙ መኪኖች ላይ እንዳለው ሁሉ፣ ሞተሩ ጋ ባለች ቀዳዳ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አስገብቼ እያዞርኩ፣ ጎረቤቴ ግራውን ጎን በመዳፉ እየገፋልኝ ጣሪያውን ዘጋነው። በሁለተኛው እሁድ መስታወቱን ለሁለት አነሳን። በግራው ሐዲድ ላይ የምትንሸራተት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ ተሰንጥቃለች። ሐዲዱ ውስጥ ያረጀ ግራሶ ከአዲስ አበባ አቧራ ጋር ተቦክቶ ደርቋል። 180 ሺህ ብር የተባለው በሽታ ይኸው ነው።

ፕላስቲኳን በሱፐር ግሉ አጣበቅኋት፤ በሁለተኛው ቀን ተሰበረች። ሶማሌ ተራ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ለብቻዋ አትገኝም አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ቶርኖ ቤት ከናይለን ቀርጾ አወጣልኝ። በሦስተኛው እሁድ ሐዲዱን ጠርጌ፣ ግራና ቀኙን እኩል ምልክት ላይ አቁሜ መስታወቱን መለስኩት። እኩል ካልቆሙ ያው ስብራት ይደገማል። ከዚያ ማዘዣውን ተጭኜ ለጥቂት ጊዜ ሳልለቅ ስይዘው ሞተሩ መነሻና መድረሻውን እንደገና ለየ። ጣሪያው ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የውኃው ነገር ነው። ጣሪያው ተዘግቶም ምንጣፉ ይረጥብ ነበር። ለካ ሰንሩፍ ውኃ ከነጭራሹ እንዳይገባ ሆኖ አልተሠራም። ጎማው ያሳለፈውን ውኃ በዙሪያው ያለ አሸንዳ ይቀበለዋል፤ በማዕዘኖቹ ያሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ደግሞ ወደ መሬት ያወርዱታል። የእኔዎቹ በአቧራና በቅጠል ተደፍነዋል። ምርመራው ቀላል ነው፤ በየማዕዘኑ አንድ ስኒ ውኃ ቀስ እያሉ አፍስሶ ከታች መውረዱን ማየት። ካልወረደ በቀጭን ለስላሳ የናይለን ገመድ መጥረግ። በኮምፕረሰር መንፋት ግን ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊያስለቅቀው ይችላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በሲሊኮን ደፍኜው ቢሆን ኖሮስ? ሲሊኮኑ በፀሐይና በመንቀጥቀጥ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፤ ውኃው ይገባል፤ መውጫው እንደተደፈነ ነውና ሽቦው ላይ ይተኛል። ከፍተን ያላየነውን ነገር ስንደፍን በሽታውን ከዓይናችን ሰወርነው እንጂ አላዳነውም።

«ታዲያ ሁላችንም መካኒክ እንሁን ነው የምትለው?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አይደለም። መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ሥራው በጣሪያው ጠርዝ ውስጥ ያለውን ኤርባግ የሚነካ ከሆነ፣ እጅን ሰብስቦ ለባለሙያ መስጠት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ራሱ የፈታ ሰው፣ የእጅ ዋጋ ሲጠየቅ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ሦስት እሁድ የፈጀሁበትን ባለሙያው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ያንን አንድ ቀን ነው «ሁለት ብሎን» የምንለው።

ጊዜውም የሚቀለድበት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በምትካቸው ከሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል የመስታወት ጣሪያ ያላቸው ጥቂት አይደሉም። ለተሰበረ ሁሉ «ሙሉውን ቀይር» የሚል አገር የሚቀይርበትን ዶላር ከየት ያመጣል? በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ቀጥሎም በ2020 ድምፁን ሰጥቶ፣ የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃን ለባለቤቱና ለግል ጋራዦች እንዲከፍቱ ወስኗል። እዚያ ሰው የመጠገን መብቱን በድምፅ ይሟገትለታል። እኛ ለአምስት ሺህ ብር ስንከራከር ሙያውን ከእጃችን ጣልነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጻድቅ መስዬ በወጣሁ ነበር። ግን ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ወጣቱ የተሰበረችውን ፕላስቲክ በጥንቃቄ ለክቶ፣ ሁለት ጊዜ አበላሽቶ፣ በሦስተኛው አሳምሮ ሠራልኝና «800 ብር» አለኝ። ከ180 ሺህ ብር ዕዳ ያወጣኝ ልጅ ነው። የኔ አፍ ግን ቀድሞኝ «ለዚህች ቁራጭ?» አለ።

ልጁ አልተከራከረም። «እሺ ጋሼ፣ 500 ይስጡኝ» ብሎ ወደ ማሽኑ ዞረ።

800ውን ከፈልኩ። ቃሌን ግን መመለስ አልቻልኩም።