ከጋጣው በፊት ጠባቂውን እዩ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ፈረስ ገዛሁ!» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ሳልጨርስ ጥያቄው መጣ፦ «ግቢዬ ጠባብ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ በወር እየከፈልኩ የማስቀምጥበት ጥሩ ጋጣ ያውቃሉ?»

በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው፤ ይህንኑ ሲጠይቀኝ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

አስተያየቴን ከፊት ላስቀምጥ። ጥሩ ጋጣ ማለት ያማረ ግንብ ያለው ማለት አይደለም። ጥሩ ጠባቂ ያለው፣ ለዚያ ጠባቂም በአግባቡ የሚከፍል ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ፈረሴን ገብሬበት ነው።

ያደግኩት አዊ ነው። አባቴ ፈረሱን የሚያሳድረው እኛው በምንተኛበት ቤት ውስጥ በተከለለች ጋጣ ነበር። ሌሊት ፈረሱ ገብስ ሲቆረጥም እየሰማን ነው እንቅልፍ የሚወስደን። የፈረሱ ነገር ከወትሮው ለየት ካለ አባቴ ከእንቅልፉ ይነቃል። ለእሱ ፈረስ መጠበቅ ማለት ይሄው ነበር።

እኔ ከተሜ ሆንኩና ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ዳማ ፈረስ ገዛሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ጋጣ አስገባሁት። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ግቢው ያምራል። ግድግዳው በኖራ ተቀብቷል፣ ሳሩ ታጭዷል፣ እሁድ እሁድ ለእንግዳ ቡና ይፈላል። ባለቤቱ ሲቀበለኝ ከወንበሩ ተነስቶ ነው። በየወሩ በቴሌብር እልካለሁ፣ እሁድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። ስደርስ ፈረሴ ታጥቦ፣ ጋማው ተበጥሮ ይጠብቀኛል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አንድ ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ደወለ። «ጋሼ፣ ያሳዝናል፣ ሌሊት ሆዱን ታሞ ሞተ» አለኝ።

ሄድኩ። ነገሩን በኋላ ለብቻችን ስንሆን የነገረኝ ጠባቂው ልጅ ነው። ውሃ ከጠፋ 2 ቀን ሆኖት ነበር። ድርቆሽ አልቆ ጭድ ብቻ ነበር የሚቀርብላቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፈረሱ ዞሮ ጎኑን ሲያይ፣ መሬት ሲጭር፣ ሲተኛና ሲንከባለል ልጁ አይቷል። ባለቤቱ ጋ ደጋግሞ ደውሏል፤ አልተነሳም። ሐኪም እንዳይጠራ ገንዘብ የለውም፤ የ2 ወር ደሞዝ አልተከፈለውም። 11 ፈረስ የሚጠብቀው ብቻውን ነው። እስኪነጋ ድረስ ፈረሴን እየሳበ ሲያዞረው አደረ።

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልደወልክም?» አልኩት።

«ስልክዎ የለኝም ጋሼ» አለኝ።

ከአንድ ዓመት በላይ እሁድ እሁድ ተመላልሻለሁ። ቡናዬን እጠጣለሁ፣ ለልጁ ትንሽ ጉርሻ በእጁ አደርጋለሁ፣ እመለሳለሁ። ስልኬን ግን አልሰጠሁትም። ስሙን እንኳ የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። ባለቤቱን ወቅሼዋለሁ፤ ይገባዋልም። ግን እውነቱን ከተነጋገርን ሁለታችንም ያንን ልጅ ከግቢው ዕቃ እንደ አንዱ ነበር የቆጠርነው።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ይህን ልብ በሉ። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ጨጓራው ለሰውነቱ ትንሽ ነው፣ አንጀቱ ግን ረጅምና ጥምዝምዝ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲነጭ መዋል አለበት፤ በቀን 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃም ይፈልጋል። ደረቅ ነገር በልቶ ውሃ ካጣ አንጀቱ ሊደፈን ይችላል፤ ከባድ የሆድ ቁርጠት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ ፈረስን የሚያተርፈው መጀመሪያ ያየው ሰው ነው። ያ ሰው እኔ አይደለሁም፣ የጋጣው ባለቤትም አይደለም። ሌሊት እዚያ የሚያድረው ልጅ ነው።

እንግዲህ ጋጣ ስትፈልጉ እንዲህ አድርጉ።

ሳትናገሩ ሂዱ። እሁድ ረፋድ ሁሉም ጋጣ ያምራል። ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሂዱና ገንዳው ውስጥ ውሃ መኖሩን እዩ። ቧንቧ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ፤ በርሜል ወይም ታንከር ከሌለ ተመለሱ።

ድርቆሹን በእጃችሁ አንሱና አሽትቱ። የሻገተ ከሆነ፣ አቧራው የሚያስነጥሳችሁ ከሆነ ለፈረሱም አይሆንም።

ለጎብኚ የሚታየውን ፈረስ ተዉትና ጥግ ላይ ያለውን እዩ። ሰኮናው ረዝሞና ተሰነጣጥቆ ከሆነ ነገ የእናንተም እንደዚያው ነው። ሰኮና በ6 ወይም በ8 ሳምንት መታየት አለበት። ጉዝጓዙ እርጥብ፣ ፋንድያው የሰነበተ ከሆነም መልሱን አግኝታችኋል።

ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ይመጣ እንደሆነ ጠይቁ። ስለ ክትባትም ጠይቁ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈው በዓይን በቅጡ የማትታይ፣ በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት የምትናከስ ትንሽ በራሪ ናት፤ ረግረግ አጠገብ ያለ ጋጣ ያስፈራል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ፣ እዚሁ አገራችን ይመረታል። «አላወቅንም» ምክንያት አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ግን ጠባቂውን ለብቻው አናግሩት። ስንት ፈረስ ነው የምትጠብቀው? ደሞዝህ በወቅቱ ይደርስሃል? ፈረስ ሲታመም ባለቤቱን ሳታስፈቅድ ሐኪም መጥራት ትችላለህ? ይህን የመጨረሻውን ውል ላይ አስገቡት። ከዚያ ስልካችሁን ስጡት፣ የእሱንም ተቀበሉ።

«እንዲህ ያለ ጋጣ ውድ ነው» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ውድ ነው። ርካሹ ጋጣ ርካሽ የሆነው ከፈረሱ መኖ ወይ ከልጁ ደሞዝ ስለተቀነሰ ነው። ለኮርቻና ለልጓም ጌጥ የምናወጣውን አስቡት። የማይቻል ከሆነም ፈረስ አለመግዛት ነውር የለውም።

ነገሥታቱን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እንላለን። የቤተ መንግሥት ፈረሶችን የሚያዘው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ማዕረጉ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ስም ሆኖ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያጌጠውን ፈረስ ሁላችንም ፎቶ እናነሳለን። በዓሉ ሲያልቅ ያንን ፈረስ ማን እንደሚያጠጣው ግን አንጠይቅም።

ያ ልጅ አሁን ሌላ ቦታ ነው የሚሠራው። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ለተማሪዬም የሰጠሁት የጋጣ ስም ሳይሆን የእሱን ስልክ ነው፤ ልጁን አስፈቅጄ።

እናንተም ጥሩ ጋጣ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ግን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ የጠባቂውን ስም ታውቃላችሁ?