ከካሜራው ጀርባ ያሉ እጆች



ባለፈው ወር በጀመዓችን የሚዲያ ክፍል ስብሰባ ላይ ከአጀንዳዎቹ አንዱ ካሜራ ነበር። ከኮሮና በፊት የተገዛው፣ ኢፍጣሩንም፣ የአዲስ ገቢዎችን አቀባበልም፣ የተመራቂዎችን ሽኝትም ስናነሳበት የኖርነው ካሜራ ሸተሩ ተበላሽቶ የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆኖ መውጣት ጀምሯል። የአዲስ ካሜራ ዋጋ እንዲያጠኑ የተላኩት ሁለት ወንድሞች ይዘውት የመጡት ቁጥር ቤቱን ጸጥ አሰኘው። ከመካከላችን አንዱ «ኮሮና ነው እንዲህ ያደረገው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅንና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፍን።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሯችን አልወጣም። እውነት ኮሮና ብቻ ነው? በዚያ ዓመት የጎደለውስ ዕቃው ብቻ ነበር? ጠይቀን፣ አንብበን፣ ተከራክረን የደረስንበትን ለእናንተ ማካፈል ወደድን። ከወዲሁ ሐሳባችንን እንናገር፦ እኛ በዚያ ወረርሽኝ ስለ ካሜራው ብዙ አወራን፤ ካሜራውን ስለሚሠሩትና ስለሚይዙት ሰዎች ግን አልጠየቅንም።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። በሽታው በቻይናዋ ዉሃን ከተማ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። በጃንዋሪ 2020 ከተማዋ ስትዘጋ፣ የቻይና ፋብሪካዎችም ከአዲስ ዓመት በዓላቸው በኋላ በወቅቱ ሳይከፈቱ ሲቀሩ፣ የካሜራው ዓለም ድንጋጤ ጃፓን ደረሰ። ካኖን በኪዩሹ ደሴት ያሉ ፋብሪካዎቹን ከማርች 2020 መጀመሪያ አንስቶ ለሁለት ሳምንት ያህል አቆመ። ሠራተኞቹ ስለታመሙ አልነበረም። ከቻይና መምጣት የነበረበት ዕቃ ስላልመጣ ነው።

ኒኮንም በፌብሩዋሪ ያስተዋወቀውንና በማርች ለገበያ ሊያቀርበው የነበረውን ዲ6 የተባለ ካሜራ በዚሁ በዕቃ አቅርቦት ምክንያት ወደ ሜይ አዘገየው። ይህ ካሜራ በተለይ የስፖርት ፎቶ አንሺዎች የሚጠብቁት፣ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሜዳዎች ዳር ሊታይ የታሰበ ነበር። ማርች 24 ቀን 2020 ግን ኦሎምፒኩ ራሱ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላለፈ። በዮኮሃማ በየዓመቱ የሚካሄደው የካሜራ ትርኢትም፣ በጀርመን ኮሎኝ ሊካሄድ የነበረው ፎቶኪናም ተሰረዙ። ካሜራው ዘገየ፣ የሚያነሳው ውድድር ተላለፈ፣ የሚታይበት አዳራሽም ተዘጋ።

ለምን እንዲህ በቀላሉ ቆመ? ካሜራ ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የሚገጣጠም ዕቃ ነው። ዘጠና ዘጠኙ ተገኝቶ አንዲት ብሎን ብትጎድል ካሜራው ከፋብሪካ አይወጣም። ኩባንያዎቹ ደግሞ ዕቃ በመጋዘን ማከማቸት ገንዘብ ማሰር ነው ብለው ስለሚያስቡ፣ የሚገጣጠመው ክፍል ልክ በሚፈለግበት ሰዓት እንዲደርስ አድርገው ነው ሥራቸውን ያደራጁት። ይህ በደህናው ቀን ያተርፋል። በክፉው ቀን ግን የአንዱ መንደር መዘጋት የሌላውን አገር ፋብሪካ ያቆማል።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድን ያጥለቀለቀው ጎርፍ በአዩታያ የሚገኘውን የኒኮን ፋብሪካ አስቁሞ ነበር። በኤፕሪል 2016 ደግሞ የጃፓኗን ኩማሞቶ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የሶኒን የምስል ሴንሰር ፋብሪካ ሥራ ሲያስቆም፣ ሴንሰሩን ከሶኒ የሚገዙ ሌሎች ካሜራ ሠሪዎችም አብረው ተቸገሩ። ወረርሽኙ ሲመጣ ትምህርቱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። የተማረው ጥቂት ነው እንጂ።

እዚህ ላይ ግን ፍርዳችንን ማስተካከል አለብን። ሁሉንም በኮሮና ማሳበብ እውነት አይሆንም። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ቁጥር መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አባል ኩባንያዎቹ ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ለገበያ አቅርበው ነበር። በ2019፣ ማለትም ከወረርሽኙ በፊት በነበረው ዓመት፣ ቁጥሩ ወደ 15.2 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ይህን ያህል የጣለው በሽታ ሳይሆን ሁላችንም በኪሳችን የያዝነው ስልክ ነው። በ2020 ደግሞ ወደ 8.9 ሚሊዮን አሽቆለቆለ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአምስቱ ሁለቱ ጠፉ ማለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ችግሩም በዚያው ዓመት አላበቃም። በዓለም ላይ የቺፕ እጥረት ስለተከሰተ ሶኒ በ2021 መገባደጃ የአንዳንድ ካሜራዎቹን ትዕዛዝ መቀበል እስከማቆም ደርሷል። በእኛ አገር ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የውጭ ምንዛሪው ይጨመርበታል። ወንድሞቻችን ይዘውት የመጡት ዋጋ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ይህ የፋብሪካው ወሬ ነው። የቤታችንስ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ እኛም ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን ተበተንን። ከመካከላችን የተወሰንነው ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርን። በርካታ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የለይቶ ማቆያ ሆኑ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሚያዝያ 16 ረመዷን ሲገባ መስጂዶች ለጀመዓ ሶላት ዝግ ነበሩ። ተራዊህን ከአባቶቻችንና ከታናናሾቻችን ጋር ሳሎን ውስጥ ሰገድን። ከእኛ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢማም ሆኖ የቆመው በዚያ ሳሎን የሆነ ወንድም አለ፤ ዛሬ ድረስ እየሳቀ ያወራዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ያስተናገደው ሐጅ በ2020 በሳዑዲ ውስጥ ለነበሩ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ባዶውን የካዕባ ዙሪያ በስልካችን ስክሪን አይተን ያላለቀሰ ማን ነበር?

ልብ በሉ፤ ያንን ባዶነት ያሳየን ካሜራ ነው። ካሜራ መሸጥ በቀነሰበት በዚያው ዓመት ያለ ካሜራ የማይሠራ ነገር በዛ። የኮምፒውተር ካሜራ ከየገበያው ጠፋ። ካኖን፣ ፉጂፊልም፣ ኒኮንና ሶኒ ሰዎች ፎቶ ማንሻቸውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ለስብሰባና ለትምህርት እንዲጠቀሙበት የሚያስችል ሶፍትዌር በ2020 አወጡ። የሰው ሙቀት የሚለካ ካሜራ በየአየር መንገዱ ማረፊያ ተተከለ። ስልክ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የከበደ ሥራ ሠራ። ከእህቶቻችን አንዷ አባቷ ሲሞት ታላቅ እህቷ በዓረብ አገር ለሥራ ላይ ነበረች፤ በረራ ተዘግቷል። ታናሽ ወንድማቸው በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ጀናዛው ሲወጣ አሳያት። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኔትወርኩም ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ቢሆንም እስከ ዛሬ «ያቺን ያህል እንኳ ባላይ ኖሮ» ትላለች። ካሜራ ቅንጦት ነው ለሚለን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ።

በጀመዓችን ዙሪያ ፎቶና ቪዲዮ በማንሳት ራሳቸውን የሚያስተምሩ፣ ቤተሰብም የሚደግፉ ወንድሞችና እህቶች ሁልጊዜም አሉ። ረመዷን ከመግባቱ በፊት ኒካህ ማሰር የተለመደ ስለሆነ ሸዕባን ለእነሱ የሥራ ወር ነው። በ2012 ሸዕባን የገባው ግን ትምህርት ቤት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ሠርጉ ሁሉ ተሰረዘ። ከእነሱ አንዱ ካሜራውን የገዛው በዕቁብ ነው፤ ዕጣው ቀድሞ ስለደረሰው ገና የሚከፍለው ብዙ ነበር። ሙሽሮቹ ቀብዳቸውን እንዲመልስላቸው ጠየቁት። ቀብዱ ሌንስ ሆኗል። ስለዚህ ሌንሱን በግማሽ ዋጋ ሸጠና ቀብዱን መለሰ። ሥራው ሲመለስ ደግሞ ሌንሱ በሸጠበት ዋጋ አልተገኘም፤ ያኔ እጥረቱም ውድነቱም መጥቶ ነበርና። ይህን ሁሉ የነገረን ባለፈው ወር፣ ስለ ካሜራ ዋጋ ልንጠይቀው ስንሄድ ነው። ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ወራት ከእኛ አንድ ሰው እንኳ ደውሎ «እንዴት ነህ?» አላለውም ነበር።

ግቢው ሲከፈትና ፕሮግራም ስንጀምር ግን ደወልንለት። «ለአላህ ብለህ አንሳልን» አልነው። እሱም መጥቶ አነሳልን።

በጎ ፈቃድ መልካም ነው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን በጎ ፈቃድ የሚሆነው ሰጪው ሲያስበው እንጂ ጠያቂው ሲገምትለት አይደለም። ድንኳን ለሚተክለው እንከፍላለን፤ ለድምፅ ማጉያው እንከፍላለን፤ ለምግቡ እንከፍላለን። ፎቶ አንሺው ጋ ስንደርስ ግን ወንድማችን ነው እንላለን። ወንድምነቱን ያስታወስነው ሥራውን ስንፈልግ ነው፤ ሥራ ሲያጣ አላስታወስነውም።

ስለ ካሜራ ሲነሳ የኢብኑል ሐይሠምን ስም መጥራት እንወዳለን። በስራ ተወልዶ ካይሮ የኖረው ይህ ሊቅ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን መርምሯል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ስለ ዕይታ የጻፈውን ትልቅ ሥራ ከቤቱ እንዳይወጣ በተደረገባቸው ዓመታት እንዳዘጋጀው ይተርካሉ። በእሱ መኩራት ተገቢ ነው። ነገር ግን የሺህ ዓመቱን ሊቅ እያወደስን በዶርም ጎናችን ያለውን ፎቶ አንሺ መርሳት ኩራታችንን ባዶ ያደርገዋል።

አንዳንዶች «ሰው በሞተበት ዘመን ስለ ካሜራ ማውራት ምንድን ነው?» ይሉን ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሟቾቻችንን አላህ ይማራቸው። ግን ወረርሽኝ የሚገድለው በበሽታው ብቻ አይደለም፤ እንጀራም ይቆርጣል። ካሜራውን ምሳሌ ያደረግነው እሱን ስለምናውቀው ነው። ስለ ባጃጅ ነጂው፣ በግቢው በር ሻይ ስለምትሸጠው እናት፣ ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ብንጽፍም ታሪኩ ያው ነው። ተማሪ ሲበተን ገቢያቸው አብሮ ተበተነ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የእኛ ሐሳብ አራት ነው።

አንደኛ፣ አዲስ ካሜራ ከመግዛታችን በፊት ያለንን እንቁጠር። በአባሎቻችን እጅ ስንት ካሜራ፣ ስንት የካሜራ መቆሚያ፣ ስንት ማይክ እንዳለ ተመዝግቦ አያውቅም። ፈቃደኛ የሆነ ያስመዝግብ፤ የተዋሰ ሰው አማናውን ይጠብቅ፤ ያበላሸም ያሠራ።

ሁለተኛ፣ የተበላሸውን እንጠግን። ሸተሩ ቢቀየር ዋጋው ከአዲስ ካሜራ በእጅጉ እንደሚያንስ ጠጋኙ ነግሮናል። ከኤሌክትሪክና ከሜካኒካል ትምህርት ክፍል ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አቧራና እርጥበት ዕቃን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ቀላል ብልሽት እንዴት እንደሚጠገን ለአንድ ቅዳሜ ብታስተምሩን ትልቅ ሰደቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ለፎቶ አንሺ በጀት እንያዝ። ትንሽ ትሁን፤ ግን ትኑር። አልቀበልም ካለ ያን ጊዜ በጎ ፈቃዱ የእውነት የእሱ ይሆናል።

አራተኛና ዋናው፣ የመጠያየቂያ መዝገብ ይኑረን። በግል ሥራ ራሱን የሚያስተምር አባል ማን ነው? ነገ ግቢው ቢዘጋ፣ ሥራው ቢቆም፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደውልለት ማን ነው? በ2012 ይህ መዝገብ ቢኖረን ኖሮ ያ ሌንስ አይሸጥም ነበር ብለን እናምናለን። ጥቂት ሰው ጥቂት ብር ቢያዋጣ ቀብዱን መመለስ ይቻል ነበርና።

ሌላ ወረርሽኝ፣ ሌላ ጎርፍ፣ ሌላ መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው አላህ ነው። የካኖንን ፋብሪካ ማስቀጠል በእኛ እጅ አይደለም። ለወንድማችን መደወል ግን በእኛ እጅ ነው። ለዚያም ነው በሚቀጥለው ስብሰባ የካሜራውን አጀንዳ ከመንካታችን በፊት የመዝገቡ ጉዳይ ቅድሚያ እንዲያገኝ የምንጠይቀው። የምትስማሙ ኑና ደግፉ፤ የማትስማሙም ኑና ተከራከሩን።

አላህ ያለፉትን ይማር፣ የቀረነውን ያስተዛዝነን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።