ምስጋና ለከርሞ አይቀጠርም

የዘመን ቈጣሪዎች ዓመቱን በአራት ከፍለው፣ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ወራት መፀው ብለው ሰይመውታል። በደጋው አገር ይህ ወራት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ወንዙ ይጐድላል፤ እሸቱ ይደርሳል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ግን ደመናው ለዘመን ቈጣሪ አይታዘዝም፤ ጥቅምት ከገባ በኋላም ዝናቡ ከጫካው ላይ ቶሎ አይነሣም። ስለዚህ የመፀውን መግባት ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች የሚያበሥረን ሰማዩ አይደለም፤ የቡናው ፍሬ መቅላት ነው እንጂ። ነገር ግን ቡናው በቀላ ጊዜ ወደ ቤታችን አንዲት ክፉ ቃል አብራ ትገባለች፤ ይህችውም «ከርሞ» የምትባለው ቃል ናት። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ሊቀመጥ ሲመጣ፣ «አሁን የለቀማ ወራት ነው፤ ከርሞ እንጫወታለን» ይባላል። ሚስት ቡና አፍልታ ስትጠራ፣ «እናንተ ጠጡ፤ እኔ ከርሞ ሲደላኝ እጠጣለሁ» ይባላል። አሮጊት እናት «ልጄን ልየው» ብላ ስትልክ፣ «ቡናው ይሸጥና» ይባላል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ከዚህች ቃል ጋራ ለመሟገት ነው።

አስቀድሜ የባላጋራዬን ቃል ሳላጐድል ልናገር፤ የሰውን ቃል አሳንሶ መርታት ክብር የለውምና። የሚከራከሩኝ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦ «ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የልጅ ፊት ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ቀዩ ፍሬ ቢዘገይ ይረግፋል፤ ወይም ዝናብ ያበላሸዋል፤ ወይም ሌባ ይወስደዋል። ደግሞም ዋጋው ሁልጊዜ ደግ አይሆንም። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ታይቷል። አገራችንም በ2017 የበጀት ዓመት ቡናዋን ለውጭ ሸጣ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። እንዲህ ያለ ዘመን ሲመጣ እጁን አጣጥፎ በምድጃ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ሰነፍ ነው።» ይህ ቃል የቂል ቃል አይደለም። የሚናገሩትም ሰዎች ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ስለ ልጆቻቸውም ሲሉ የሚደክሙ ናቸው። ስሕተታቸው አንዲት ብቻ ናት፤ እርስዋም የልጅ ፊት ዓመቱን ሙሉ አለ ማለታቸው ናት።

ቡናውን ራሱን ለምስክርነት ልጥራ። ቡና አበባው ከፈካበት ቀን አንሥቶ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ይህም ሕፃን በእናቱ ማሕፀን የሚቈይበት ዘመን ያህል ነው። ነገር ግን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ፍሬ ሁሉ ባንድ ቀን አይቀላም፤ ቀዩም ቢጫውም አረንጓዴውም ጐን ለጐን ተሰቅሎ ይገኛል። ብልኅ ለቃሚ ቀዩን ብቻ ለቅሞ ይሄዳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል፤ ዳግመኛም ይመለሳል። ችኩል ሰው ግን ቅርንጫፉን ጨብጦ ቀዩንም አረንጓዴውንም ባንድነት ይሸመጥጠዋል፤ በዚህም የቡናው ጣዕም ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ደግሞ ታጥቦ የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፤ ይቦካል፤ ጌታው በማግሥቱ ቢያለቅስ አይመለስለትም። ይህን ሕግ ከጓሮው ከሚለቅመው ገበሬ ጀምሮ በበቃ ባለው ሰፊ እርሻ እስከሚሠራው ለቃሚ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ለፍሬው «ዛሬ የቀላው ዛሬ ይለቀም፤ አይደር» የምንል ሰዎች፣ ለልጃችን ሳቅና ለእናታችን ጨዋታ «ይደር፤ ከርሞም ይቈይ» የምንለው በምን ዳኝነት ነው? የስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄ በሰባተኛው ዓመት አይገኝም። እርሱም በጊዜው የቀላ ፍሬ ነው፤ በጊዜው ያልለቀመውም ሰው በኋላ ረግፎ ያገኘዋል።

የነገሩን እውነት ከሌላ ሰው ታሪክ አልወስድም፤ ከራሴ ቤት አመጣዋለሁ። አባቴ ብርቱ ሰው ነበረ። የለቀማ ወራት ሲገባ ቀን ከቡናው ዛፍ ሥር አይጠፋም፤ ሌሊትም ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኛ ልጆቹ በጥቅምትና በኅዳር ድምፁን እንሰማ ነበር እንጂ ፊቱን አናይም ነበር ማለት ይቻላል። «ከርሞ ተሰብስበን እንቀመጣለን» ማለት ልማዱ ነበረ። አንድ ቀን ግን በኅዳር መግቢያ ዝናቡ ከንጋት እስከ ማታ ሳያባራ ዋለ፤ ለቀማም ቀረ። አባታችን የሚሄድበት ቸግሮት ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። እናታችን ጎደሬ ቀቀለች፤ ቡና ቈላች፤ ኮረሪማም ጨመረችበት። አባታችንም በልጅነቱ በጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ያደረበትን ሌሊት አጫወተን፤ እንደ ዝንጀሮ እየጮኸም አሳቀን። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ አልተነሣም። በዚያ ቀን አንድ ፍሬ አልተለቀመም፤ ምናልባትም ጥቂት ኪሎ ረግፎ ጠፍቶ ይሆናል። ዛሬ አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ቡናውን የሸጠበት ብር ወዴት እንደ ሄደ ከወንድሞቼ አንድም የሚያስታውስ የለም፤ ያን ቀን ግን አራታችንም እስከ ሽታው ድረስ እናስታውሰዋለን። ከአባታችን የወረስነው ርስት ያ የዝናብ ቀን ነው። በቀጠሮ የቀሩት ሌሎቹ ቀኖች ሁሉ ከርሞ ጥጃ ሆነው ቀሩ።

እኔም ከዚህ ተምሬ የተሻልሁ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ጥቅምት ትንሹ ልጄ በራሱ እጅ የለቀማትን አንዲት እፍኝ ፍሬ ይዞ መጥቶ፣ «አባባ፣ እየው፤ ሁሉም ቀይ ነው» አለኝ። እኔም የእጅ ስልኬን በጆሮዬ ይዤ ከነጋዴ ጋራ ስለ ዋጋ እነጋገር ነበርና፣ ፊቴን ሳላዞር በእጄ ምልክት አሰናበትሁት። ነጋዴውም በዚያ ቀን ዋጋውን አልጨመረልኝም። ልጁ እፍኙን በማድረቂያው አልጋ ላይ ከሌላው ጋራ አፍስሶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም የለቀመውን ሊያሳየኝ አልመጣም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ኪሳራ በሚዛን የማይታይ መሆኑን ለማመልከት ነው።

ዕረፍት ያደኸያል የሚል ሰው ቢኖር ጉራጌዎችን ይመልከት። በንግድ ትጋታቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁ ሲሆኑ፣ የመስቀል በዓል ሲደርስ ብዙዎቹ በአዲስ አበባና በየከተማው ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ትውልድ መንደራቸው ይሄዳሉ፤ ከአባትና ከእናት ጋራ ክትፎ በልተው፣ ሽማግሌ መርቋቸው ይመለሳሉ። ገበያው በዚያ ሳምንት እንደማይጠብቃቸው ያውቃሉ። ይሁን እንጂ የድካማቸው ምክንያት ያ ቤት መሆኑን አይዘነጉም፤ ስለዚህ ቤቱን ለድካሙ አይሠዉትም። እኛ ግን ቤታችን በእርሻችን መካከል ሳለ፣ ከቤታችን እጅግ የራቅን ሰዎች ሆነናል።

ሌላ ምሳሌም ላምጣ። ካርል ሊኔየስ የተባለ የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ለቡና ስም ሲያወጣ አራቢካ አለው፤ ይኸውም የዓረብ ማለት ነው። የዚህ ቡና ትውልድ ግን ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። ቡናውን ለአውሮፓ ሰዎች ያስተዋወቃቸው የዓረብ ንግድ ስለ ነበረ፣ ስሙን ከገበያው እንጂ ከቤቱ አልወሰዱትም። እንግዲህ ነገርን በገበያ በኩል ብቻ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይስታል። እኛም ቡናችንን በነጋዴ ስልክ በኩል ብቻ ያወቅነው እንደ ሆነ ስሙን ብር ብለን እንጠራዋለን፤ ልጆቻችንም ሌላ ስም እንዳለው ሳያውቁ ያድጋሉ።

እነሆ፣ ሁለተኛ ባላጋራ ደግሞ ይነሣል። ይህ ሰው፣ «ምስጋና የጠገበ ሰው ነገር ነው። በሰው እርሻ ለቀን ምንዳ የሚለቅም ድኻ፣ ዋጋውንም ራሱ የማይቈርጥ ገበሬ ምን አለውና ያመሰግናል? አመስግን ማለት ዝም በል ማለት ነው» ይላል። ይህ ክርክር ከፊተኛው ይልቅ ከባድ ነው። እኔም በሐሰተኛ ሚዛን የተበደለውን ሰው «አመስግን» እያለ የሚሰብከውን እቃወመዋለሁ፤ በዳይን ማመስገን ፍርሃት ነው እንጂ ምስጋና አይደለም። ነገር ግን ምስጋናና ዝምታ አንድ አይደሉም። አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ተለቅሞ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ብቻ እንደሚወጣው የሚያውቅ፣ ያንንም ቡና ከልጆቹ ጋራ ቀምሶ ጣዕሙን ያወቀ ሰው፣ ድካሙ በርካሽ ሲመዘንበት ከማንም ቀድሞ ይቈጣል። በቀላሉ የሚታለለው የእጁን ፍሬ ክብር የማያውቅ ሰው ነው።

ደግሞም ምስጋና የጥጋብ ልጅ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን፣ ሕዝቡ በኖቬምበር ወር በመጨረሻው ሐሙስ እንዲያመሰግን ያወጁት እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ በዚያ ዓመት አገራቸው በርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበረ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 የጽጌ ቀኖች የእመቤታችንና የሕፃንዋ ስደት የሚታሰብባቸው ናቸው፤ የአበባው ወራት ዜማ የሚዜመው ቤት ስለሌላቸው መንገደኞች ነው። በዚህ በእኛም አገር ከቡና ቅጠል የሚፈላ ጨሞ የሚባል መጠጥ አለ። ፍሬው የሌለው ድኻ እንኳ ቅጠሉን ቀንጥሶ ጨሞውን አፍልቶ ጎረቤቱን ይጠራል። «ድኻ የሚያመሰግንበት ምን አለው?» የሚል ጠያቂ በዚያ ምድጃ አጠገብ አንድ ምሽት ይቀመጥ።

ሦስተኞቹ ደግሞ ምስጋናን ባንድ ቀን ድግስ ሊጨርሱት የሚሹ ናቸው። ቡናው ከተሸጠ በኋላ በግ ያርዳሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ፤ ጎረቤቱ ስንት ሰው እንደ ጠራ ጠይቀው ከዚያ አብልጠው ይጠራሉ፤ የጐደለውንም ተበድረው ይሞላሉ። እንግዳው ሲበዛም ባለቤቱ ከልጁ ጋራ አንድ ቃል ሳይነጋገር ይነጋል። ይህ ዓመቱን ሙሉ የተተወውን ምስጋና ባንድ ጊዜ መሸምጠጥ ነው፤ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ይወርዳል። አባቶቻችን ቡናን በሦስት ከፍለው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው የሠሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በረካ ማለት በረከት ነው፤ ቦታውም በመጨረሻ ነው። አቦልን ፉት ብሎ የሚነሣ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይሆናል፤ በረከቱን ግን ለተቀመጡት ትቶላቸው ሄዷል።

አሁን ደግሞ የእኔ ወገን ለሆኑት፣ ይህን የቡና ምሽት ለሚወድዱትና ለሚያወድሱት አንድ ነገር ልናገር፤ ወገንን ሳይወቅሱ ባላጋራን ብቻ መውቀስ አድልዎ ነውና። ይህችን ምሽት የምታዘጋጃት ማን ናት? ቀን ከባልዋ እኩል ስትለቅም የዋለችው ሴት ናት። ማታ እኛ ስንቀመጥ እርስዋ ውኃ ትቀዳለች፤ እሳት ታነዳለች፤ ትቈላለች፤ ትወቅጣለች፤ ስኒ ታጥባለች። እኛ የምናመሰግንባት ምሽት ለእርስዋ ሁለተኛ የሥራ ቀን ናት። እንዲህ ያለው ምስጋና በሰው ጀርባ ላይ የተጫነ ሸክም ነው። ስለዚህ ልጁ ሙቀጫውን ይያዝ፤ አባት እንጨቱንና ውኃውን ያምጣ፤ እርስዋም አንድ ስኒ ሳይበርድባት ተቀምጣ ትጠጣ። ይህን ያላደረገ ቤት ስለ ምስጋና ለመናገር አፉን አይክፈት።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ለቀማው ይቁም አልልም፤ ዕዳም አለ፤ የትምህርት ቤት ወጪም አለ። የምለው ይህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ታኅሣሥ እስኪወጣ፣ በየሳምንቱ አንድ ምሽት ቅርጫቱ ይውረድ፤ ስልኩም ከሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ እስከ በረካ ድረስ ይቀመጥ። በዚያም ምሽት እያንዳንዱ፣ ልጅም ሽማግሌም፣ በዚያ ሳምንት ያየውን አንድ በጎ ነገር ስሙን ጠርቶ ይናገር። «ስለ ሁሉ ነገር ተመስገን» ብሎ ባንድ ቃል ማለፍ ቀላል ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ እንደሚለቅም ሰው አንዱን ነገር ለይቶ መጥራት ግን ዓይንን ያሠለጥናል።

እኔም ይህን ጽሑፍ እንደ ጨረስሁ ወደ ማድረቂያው አልጋ እሄዳለሁ፤ ልጄ በዚያ አለ። ዘንድሮ የለቀመውን ያሳየኝ ዘንድ ልለምነው ነው። እሺ ይለኝ እንደ ሆነ አላውቅም። እምቢ ቢለኝም እንኳ ለከርሞ አልቀጥረውም፤ ነገ ማለዳ ተመልሼ እለምነዋለሁ።